የሶኬቱን ሙቀት ልትለኪ ለተነሣሽው ልጄ

ልጄ፣ በሰው ሠራሽ እግር ውስጥ የቆዳን ሙቀት የሚከታተል መሣሪያ ልትሠሪ መነሣትሽን ስሰማ እጅግ ደስ አለኝ። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በኦርቶፔዲክ ወርክሾፕ ውስጥ ጄሶ ሳቦካ፣ የፖሊፕሮፒሊን ንጣፍ በምድጃ አለስልሼ በጄሶው ቅርጽ ላይ ስስብ፣ ቀሪው እግር የሚገባበትን የሶኬት ጠርዝ ስሞርድ ነው። ስለ ሰርኪዩትና ስለ ኮድ አስተማሪዬ አንቺ ነሽ። ስለ ቆዳ ግን፣ ያውም ቀኑን ሙሉ ተሸፍኖ የሰውን ክብደት ስለሚሸከም ቆዳ፣ ሥራውን ሳትጀምሪ እንድትሰሚው የምፈልገው ነገር አለኝ።

1. አስቀድመሽ ለማን እንደምትሠሪ ወስኚ።

ወጣቶች ይህን ሥራ ሲያስቡ በዓይነ ሕሊናቸው የሚመጣው ብዙ ጊዜ በካርቦን እግር ትራክ ላይ የሚሮጠው ስፖርተኛ ነው። እሱም ይገባዋል። ነገር ግን ስሜቱ ያልጠፋ ሰው ቆዳው ሲላጥ ያመዋል፤ ሲያመው ይቀመጣል፤ ሲብስበት እግሩን ያወልቃል። የራሱ ነርቭ እኔም አንቺም ልንሠራው ከምንችለው መለኪያ ሁሉ ይበልጣል። መሣሪያሽ ከማንም በፊት የሚያስፈልገው ነርቩ ዝም ላለበት ሰው ነው፤ ስኳር ሕመም ለዓመታት ውስጥ ውስጡን ነርቩን ለጎዳበት፣ ሥጋ ደዌ ስሜቱን ለወሰደበት።

እንዲህ ያሉ ሰዎች ቀጥ ብለው እየተራመዱ፣ ፈገግ እያሉ ወደ ወርክሾፕ ሲገቡ አይቻለሁ። «እግሩ እንዴት ነው?» ስትያቸው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አይለኝም» ይላሉ። ሶኬቱ ሲወልቅ ካልሲው ላይ ደም አለ። አልዋሹም፤ ምንም አላላቸውም። አደጋውም ይኸው ነው። ቁስሉ ከከፋ ደግሞ ሐኪሙ ከመጀመሪያው ከፍ አድርጎ ሊቆርጥ ይችላል፤ ጉልበቱ የተረፈለት ሰው ጉልበቱን ያጣል። ከጉልበት በታች በተቆረጠና ከጉልበት በላይ በተቆረጠ ሰው መካከል ያለውን የኑሮ ልዩነት አብሯቸው ያልሠራ ሰው አይገምተውም።

በዚህ ነገር አገራችን እንግዳ አይደለችም። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ያለው አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ሲቋቋም ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምና፣ የተሐድሶና የሥልጠና ማዕከል እንዲሆን ታስቦ ነው። ስሜት የሌለው እግር እንዴት እንደሚጠበቅ ማወቅ ከፈለግሽ ከመጽሐፍ በፊት እዚያ ሄደሽ የሚሠሩትን ሰዎች ጠይቂ። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ በሕንድ ቬሎር፣ ኋላም በአሜሪካ ሉዊዚያና ካርቪል በሥጋ ደዌ ሕሙማን መካከል ሲሠራ፣ ስሜት የሌለውን እግር በእጁ እየዳሰሰ ከሌላው የሞቀውን ቦታ ይፈልግ ነበር። ያ የሞቀ ቦታ ላዩ ደኅና ቢመስልም ከሥሩ መጎዳት የጀመረ ሥጋ ነው። በካርቪል ይህንኑ ኋላ ሙቀትን በሚያሳይ ካሜራ አጠኑት። ያንቺ ሥራ የዚያ ዳሰሳ ተከታይ ስለሆነ ታሪኩን እወቂው።

2. ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣና ለምን እንደማይወጣ በደንብ ተረጂ።

ጡንቻ ሲሠራ ይሞቃል። ደም ያንን ሙቀት ተሸክሞ ወደ ቆዳ ያወጣዋል፤ ከቆዳ ላይ አየር ይወስደዋል፣ ላብም ሲተን ያበርደዋል። አንድ ሊትር ላብ ሙሉ በሙሉ ቢተን ወደ 580 ኪሎካሎሪ የሚጠጋ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ሶኬት ውስጥ ግን አየር የለም። ላቡ ይወጣል እንጂ አይተንም። ትኩስ እንጀራ ሳይበርድ መሶብ ውስጥ ሲከደን እንፋሎቱ ተመልሶ እንጀራውን እንደሚያረጥበው፣ ላቡም መውጫ አጥቶ የወጣበትን ቆዳ ያላቁጠዋል። እግሩን ያጣ ሰው ሙቀት የሚያስወጣበት የቆዳ ስፋቱ ከሌላው ሰው አንሷል፤ ለእያንዳንዱ እርምጃ የሚያወጣው ጉልበት ግን በልጧል። ስለዚህ የተቀረው ሰውነቱም አብዝቶ ያልበዋል።

የሲያትል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 የላይነር (በቀሪው እግርና በሶኬቱ መካከል የሚለበሰው ለስላሳ ሽፋን) እና የሶኬት ቁሳቁሶችን ሙቀት የማስተላለፍ አቅም ለክተው ነበር። ላይነሮቹ በሜትር በኬልቪን ከ0.085 እስከ 0.266 ዋት፣ ሶኬቶቹ ደግሞ ወደ 0.15 ገደማ ሆነው ተገኙ። ውኃ 0.6 ገደማ እንደሆነ ካስታወስሽ ቁጥሩ የሚልሽን ትረጃለሽ፤ ቀሪውን እግር የምንጠቀልለው ሙቀት በሚያግድ ነገር ነው። ለመከላከያ ብለን የምናለብሰው ያው ልብስ ያፍነዋል።

እዚያው ሲያትል እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ሌላ ጥናት አለ። ከጉልበት በታች የተቆረጡ 5 ሰዎችን ነው ያጠናው። ሰው ሠራሽ እግራቸውን አድርገው ዝም ብለው ለአንድ ሰዓት ሲቀመጡ ብቻ የቆዳቸው አማካይ ሙቀት በ0.8 ዲግሪ ጨመረ። 10 ደቂቃ ሲራመዱ ጭማሪው በድምሩ 1.7 ዲግሪ ደረሰ። «ዝም ብለው ሲቀመጡ» የሚለውን አስምሪበት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዋሽ በኩል ወደ ሰመራ በአውቶቡስ የሚወርድ ሰው አንድም እርምጃ ሳይራመድ ሶኬቱ ውስጥ ይግላል ማለት ነው።

የዚያው ቡድን ኋላ ያደረገው ጥናት ከዚህ የሚበልጥ ነገር አስተማረን። ለግማሽ ሰዓት የተራመዱ ሰዎች እግሩን ሳያወልቁ አንድ ሙሉ ሰዓት ቢያርፉም የቆዳቸው ሙቀት መጀመሪያ ወደነበረበት አልተመለሰም። እኛ ለዓመታት «ሲሞቅዎ አረፍ ይበሉ» እያልን ስንመክር ኖረናል። ምክሩ ጎደሎ ነበር። መቀመጥ አይበቃም፤ ማውለቅ፣ ማድረቅና ቆዳውን አየር ማስመታት ያስፈልጋል። መሣሪያሽ ለሰውየው አንድ ነገር ብቻ ቢያስተምረው ይህንን ያስተምረው።

ይህ የቆላ ሰው ችግር ብቻ ነው የሚልሽ ካለ ስዊድንን ጥቀሺለት። እ.ኤ.አ. በ2001 እዚያ ከጉልበት በላይ የተቆረጡ 97 ሰዎች ተጠይቀው 72 በመቶዎቹ በሶኬት ውስጥ ያለው ሙቀትና ላብ እንደሚያስቸግራቸው ተናገሩ፤ 62 በመቶዎቹ ቁስል ወይም የቆዳ መቆጣት አለብን አሉ። በረዶ በሚዘንብበት አገር እንዲህ ከሆነ ጋምቤላ ላይ ያለውን አስቢው።

3. አንድ ሁለት ዲግሪን አትናቂ።

«1.7 ዲግሪ ምን ያደርጋል?» የሚልሽ አማካሪ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ በአሳማ ላይ የተደረገ ሙከራ አለ፤ እሱን አንብቢለት። በሁሉም ቦታ ጫናው እኩል ነበር፤ 100 ሚሊሜትር ሜርኩሪ፣ ለ5 ሰዓት። የተለያየው ሙቀቱ ብቻ ነው። በ25 ዲግሪ የተጫነው ቦታ አልተጎዳም። በ35 ዲግሪ ከሥር ያለው ሥጋ ተጎዳ። በ40 እና በ45 ዲግሪ ጉዳቱ እስከ ላይኛው ቆዳ ደረሰ። ጫናው አልጨመረም፤ ቆዳው ግን ያንኑ ጫና የመቻል አቅሙን አጣ። ሥጋ ሲሞቅ ኦክስጅንና ምግብ አብዝቶ ይፈልጋል፤ ለእያንዳንዱ ዲግሪ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል ይላሉ። በዚያው ሰዓት ሶኬቱ ደም ሥሩን ተጭኖ የሚፈልገውን ይከለክለዋል።

ከዚያ ላቡ ይመጣል። የረጠበ ቆዳ ይለሰልሳል፣ ከላይነሩ ጋር ይጣበቃል፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ይፈተጋል፣ ውኃ ይቋጥራል። የፀጉር ሥር ይመግላል። ቁስል ሲደርስ የሚቀረው መፍትሔ ክራንች ነው፤ ሰውየው ለሳምንታት ከሥራው ይቀራል፣ የቀን ሠራተኛ ከሆነ ቤቱ ይራባል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው፤ ያንቺ መሣሪያ ቅጠሉ በሚበቃበት ሰዓት መድረስ አለበት።

አንድ ነገር ግን ሳልነግርሽ አላልፍም። ቁስልን የሚያመጡት ጫና፣ ፍትጊያ፣ እርጥበትና ሙቀት ተባብረው ነው። ሙቀትን ብቻ የለካ ሰው ከአራቱ አንዱን ነው የሚያውቀው። ሶኬቱ የማይገጥም ከሆነ ሴንሰር አያድነውም፤ ሶኬቱን እንደገና መሥራት ነው።

4. መለኪያው ራሱ ቁስል እንዳይሆን ተጠንቀቂ።

በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ፤ ከምሕንድስና ትምህርት ቤት የሚመጡ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚቸገሩበት እዚህ ነው። በጠረጴዛ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታክለው ሴንሰር ትንሽ ትመስላለች። በቆዳና በጠንካራ ሶኬት መካከል ስትገባ፣ የሰው ክብደት ሲጫናት፣ ያው ሰው በቀን ሺህ ጊዜ ሲረግጥባት ትንሽ አይደለችም። የካልሲ ስፌት እንኳ መሥመሩን በቆዳ ላይ ያትማል። ስሜት የሌለው ሰው ደግሞ «ይቆረቁረኛል» ብሎ አይነግርሽም። ልትጠብቂው የሄድሽውን ሰው ልታቆስዪው ትችያለሽ።

ቦታውን በእጅሽ እየዳሰስሽ ተማሪ። ከጉልበት በታች በተቆረጠ እግር ላይ ጫና የሚችል ቦታ አለ፤ ከጉልበት ሎሚ ሥር ያለው ጅማት፣ የባቱ ሥጋ። የማይችልም አለ፤ በውጪ በኩል ከጉልበት ዝቅ ብላ የምትጎላዋ የፊቡላ ራስ፣ የቅልጥሙ ስለት፣ የተቆረጠው አጥንት ጫፍ። ሴንሰር በእነዚህ በኋለኞቹ ላይ አይቀመጥም። አስቸጋሪው ነገር፣ አብዛኛው ቁስል የሚጀምረው እነዚሁ ቦታዎች ላይ መሆኑ ነው። ስለዚህ ማወቅ የምትፈልጊበት ቦታና መለካት የምትችዪበት ቦታ አንድ አይሆኑም። በዚህ አትበሳጪ፤ አጠገቡ ካለ ሥጋ ላይ ለክተሽ ስለ አጥንቱ መገመት ግድ ይልሻል። ሙቀቱ በእግሩ ሁሉ ላይ እኩል ስላልሆነም በአንድ ሴንሰር አትተማመኚ።

በግላስጎው የስትራትክላይድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሄዱበት መንገድ ለእኔ ልብ ይስባል። ከላይነሩ ውጪ፣ በላይነሩና በሶኬቱ መካከል ያለውን ሙቀት ለክተው የቆዳውን ሙቀት በስሌት ለመተንበይ ሞከሩ። እንዲህ ሲሆን ከቆዳው ጋር የሚነካካ ምንም ነገር የለም። ዋጋው ደግሞ ስሌቱ ከሰው ሰው፣ ከውጪው የአየር ሙቀት ጋርም መለያየቱ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው መማር አለበት። ስሜት ለሌለው እግር ከሆነ የምትሠሪው፣ ትንሽ ትክክለኛነት ከፍለሽም ቢሆን ይህንን መንገድ ምረጪ እላለሁ። በቆዳና በላይነር መካከል ጠንካራ ነገር አታግቢ።

በአገራችን ብዙው ሰው የሚለብሰው በቀይ መስቀል ዓይነት አሠራር የተሠራ የፖሊፕሮፒሊን እግር ነው፤ ውስጡ ለስላሳ የኢቫ ፎም፣ በላዩም የጥጥ ወይም የሱፍ ካልሲ። ውድ የሲሊኮን ላይነር የሚያገኘው ጥቂቱ ነው። ይህ ለአንቺ እንቅፋት አይደለም። ኢቫው በጄሶው ቅርጽ ላይ ከተሳበ በኋላ በምትፈልጊው ቦታ በኢቫው ላይ ትንሽ ጄሶ ብንጨምር፣ ከላይ የሚሳበው ፕላስቲክ ያንን ጉብታ ይዞ ይወጣል፤ ጄሶው ሲወጣ ባዶ ቦታ ይቀራል። ሴንሰርሽ እዚያ ውስጥ ከኢቫው ኋላ ትቀመጣለች፤ ሽቦዋም በሶኬቱ ግድግዳ ላይ በተበጀላት መንገድ ወደ ውጪ ትወጣለች። ይህ የሚሆነው ግን ፕላስቲኩ ከመሳቡ በፊት ከመጣሽ ነው። እግሩ ካለቀ በኋላ «አንድ ቀዳዳ ብቻ ብሱልኝ» ብለሽ ብትመጪ፣ ጥሩ የኦርቶፔዲክ ባለሙያ እምቢ ይልሻል።

5. ባትሪውን ከቆዳ አርቂ።

ሊቲየም ባትሪ በሞቀ፣ በታፈነና ላብ በሚንጠባጠብበት ቦታ አይቀመጥም። ከሶኬቱ በታች ቧንቧው ላይ እሰሪው፤ ቢሞቅም ቢያብጥም እዚያ ቆዳውን አይነካም። ሙቀት በዝግታ የሚለወጥ ነገር ስለሆነ በደቂቃ አንዴ ማንበብ ይበቃል፤ ባትሪሽም ይቆይልሻል። ሬዲዮውንም ውጪ አድርጊው። ካርቦን ፋይበር ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ የብሉቱዝን ሞገድ ያዳክማል፤ ፖሊፕሮፒሊን ግን አያግደውም። በአንዱ ላይ የሠራ በሌላው ላይ ዝም ሊልሽ ይችላል።

6. ቴርሞሜትርሽን ሳትፈትኚ አትመኚው።

በየሱቁ በርካሽ የሚገኘው ዲኤስ18ቢ20 የተባለው ሴንሰር የሚፈቅደው ስሕተት ወደ ላይም ወደ ታችም 0.5 ዲግሪ ነው። ቅድም ያልኩሽን አስታውሺ፤ አንድ ሰዓት መቀመጥ የሚጨምረው 0.8 ዲግሪ ነው። ሁለት ሴንሰሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ቢሳሳቱ፣ ያየሽው ልዩነት የቆዳው ይሁን የዕቃው አታውቂም። በሰውነት ሙቀት አካባቢ ከ0.1 ዲግሪ በላይ የማይሳሳቱ አሉ፤ ማክስ30205 እና ቲኤምፒ117 ከእነሱ ናቸው። ቴርሚስተርም ጥሩ ነው፤ በየዲግሪው የመቋቋም አቅሙ በ4 በመቶ ገደማ ስለሚለዋወጥ ትንሽ ለውጥ አያመልጠውም፤ ነገር ግን ብዙ ጅረት ካሳለፍሽበት ራሱን አሙቆ ይዋሽሻል።

ሁሉንም ሴንሰሮች በአንድ ዕቃ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አስገቢና ከጥሩ የሕክምና ቴርሞሜትር ጋር አስተያዪ፤ ከ28 እስከ 40 ዲግሪ ድረስ ደረጃ በደረጃ። የሚቀልጥ በረዶ 0 ዲግሪን ይሰጥሻል። የፈላ ውኃን ግን 100 ዲግሪ ነው ብለሽ አትያዢ፤ አዲስ አበባ በከፍታዋ ምክንያት ውኃ የሚፈላባት በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከወራት በኋላ ደግመሽ ፈትኚ። ላብ ጨው አለው፤ ጨው ሽቦ ይበላል።

7. ሰውየውን ከራሱ ጋር አወዳድሪው።

በስኳር ሕመም ለተጎዳ እግር የታወቀ መመሪያ አለ። የግራና የቀኝ እግር ተመሳሳይ ቦታዎች በ2.2 ዲግሪ ሴልሺየስ ወይም ከዚያ በላይ ከተለያዩና ልዩነቱ ከቀጠለ፣ ሰውየው መራመዱን ቀንሶ ወደ ሐኪም ይሂድ ይላል። በአሜሪካ በተደረጉ ሙከራዎች ይህንን በቤታቸው በየቀኑ የለኩ ሰዎች የቁስላቸው ቁጥር ቀንሷል። መመሪያው የተመሠረተው ሁለቱም እግሮች በአንድ ዓይነት ሁኔታ ላይ ናቸው በሚለው ነው። በሶኬት የታፈነ ቀሪ እግርና ጫማ ያደረገ ደኅና እግር ግን በአንድ ሁኔታ ላይ አይደሉም። ስለዚህ 2.2ን ገልብጠሽ ሶኬት ውስጥ አታስገቢው፤ ብዙ ሰዎች የመጀመሪያውን ቡና ሳይጠጡ ማስጠንቀቂያው ይጮኽባቸዋል።

ይልቁን የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ምንም ሳትናገሪ ለኪ። ሰውየው በማለዳ ሲነሣ ሙቀቱ ስንት ነው? ከገበያ መልስስ? በጾም ወራት ስንት? ከሰዓት በኋላ ቀሪው እግር እየቀነሰ ሄዶ ሶኬቱ ሲሰፋና ካልሲ ሲጨምር ምን ይሆናል? የአንዲት እናት የተለመደ ከሰዓት በኋላ ለሌላው ሰው አደጋ ሊሆን ይችላል። የሙቀቱ ከፍታ ብቻውን ብዙ አይነግርሽም። ከትናንቱ መለየቱን፣ ደግሞም አንዱ ቦታ ብቻውን ሌሎቹ ሳይሞቁ መሞቁን ፈልጊ። ሁሉም አብረው ከሞቁ ሰውየው ሠርቷል ወይም ቀኑ ወበቅ ነው። አንዱ ተነጥሎ ሲሞቅ፣ ካወለቁ በኋላም ሳይበርድ ሲቆይ፣ እዚያ የሚፈተግ ነገር አለ። ከራሱ ጋር ስታወዳድሪው ሌላም ጥቅም ታገኛለሽ፤ ሴንሰርሽ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ የምትሳሳት ከሆነ ስሕተቱ ይሰረዛል።

8. ማስጠንቀቂያ ስትሰጪ ቀጥሎ የሚደረገውንም አብረሽ ስጪ።

ወደ ፖል ብራንድ ልመልስሽ። ካርቪል ሳለ እሱና ባልደረቦቹ ከመንግሥት ገንዘብ አግኝተው ሰው ሠራሽ ሕመም ለመሥራት ሞክረዋል። የግፊት ሴንሰሮችን በጓንትና በጫማ ውስጥ አድርገው፣ ጫናው ሲበዛ በድምፅ እንዲያስጠነቅቅ አደረጉት። ሰዎቹ ድምፁን ሰምተው ሥራቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ስሜት ባልጠፋበት የሰውነት ክፍል ላይ የኤሌክትሪክ ንዝረት እንዲሰጥ አደረጉት። ሊሠሩት የፈለጉት ሥራ ሲኖር ማብሪያውን አጥፍተው ሠሩና መልሰው አበሩት። ብራንድ ይህንን ሳይደብቅ ጽፎታል፤ ሥራውም በዚያ ቆመ። ሰዎቹ ሰነፎች አልነበሩም። የራስን ሕመም ማጥፋት አይቻልም፤ ከውጪ የመጣን ማስጠንቀቂያ ግን ማጥፋት ይቻላል።

ስለዚህ ስልክ ላይ ቀይ መብራት ማብራት መፍትሔ ነው ብለሽ አትርኪ። ጉሊት የተቀመጠች እናት ስልኳ «እግርዎ ሞቋል» ቢላት ምን ታድርግ? በሰው መሃል እግሯን ማውለቅ ታፍራለች፤ ዕቃዋን ጥላ መሄድ አትችልም። ከእሷ ጋር አስቀድመሽ ተነጋገሪ። «የት ቢሆን ማውለቅ ይቀልልዎታል? ማን ዕቃዎን ይጠብቅልዎታል? ደረቅ ካልሲ ይዘው ይወጣሉ?» ብለሽ ጠይቂ። ምናልባት መፍትሔው በቀን ሁለት ጊዜ፣ በምታውቀው ሰዓት፣ ከመጋረጃ ኋላ አውልቃ ላቧን አድርቃ፣ ካልሲ ለውጣ መልሳ መልበስ ነው። መሣሪያሽም በየደቂቃው ከሚጮኽ ይልቅ ያ ሰዓት ወደፊት መምጣት እንዳለበት ቢነግራት ትሰማዋለች። ማስጠንቀቂያው ጥቂት ይሁን፤ ሲመጣም የሚታመን ይሁን።

መልእክቱ በቋንቋዋ ይሁን፤ ማንበብ ካልቻለች በድምፅ ይሁን። ይህን እንደ ትርፍ ሥራ አትቁጠሪው።

9. ዓይንና እጅን አታስቀሪ።

ማታ ማታ አውልቆ በሳሙናና በውኃ ማጠብ፣ ሳሙናው እስኪለቅ ማለቅለቅ፣ ከሥር በመስተዋት ማየት፣ በእጅ ጀርባ መዳሰስ፤ ይህ ልማድ ሴንሰር ስለመጣ አይቀርም። ላይነሩም ይታጠብ። መሣሪያሽ ሰውን ከዚህ ካዘናጋው ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል።

10. ሰው በሚኖርበት ቦታ ሞክሪው።

በላቦራቶሪ ትሬድሚል ላይ 10 ደቂቃ የተራመደ ሰው የሰውን ኑሮ አይወክልም። የእኛ ሰው ቅዳሴ ላይ ለሰዓታት ይቆማል። ለሶላት ይሰግዳል፣ ይነሣል፣ ይታጠባል። ጭቃ ውስጥ ያርሳል፣ ዳገት ይወጣል፣ እንጨት ተሸክሞ ይወርዳል። ጠዋት አዲስ አበባ ሲበርደው የነበረ ሰው ማታ አዋሽ ላይ ይሆናል። ሰመራ ላይ በሙቀቱ ወራት የቀኑ አየር ብቻውን ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ያኔ ቆዳው ወደ ውጪ የሚሰጠው ሙቀት የለም፤ ከውጪ ይቀበላል እንጂ። ፀሐይ ላይ የቆመ ጥቁር ሶኬትንም አስቢ። ስለዚህ አንዲት ሴንሰር ከሶኬቱ ውጪ፣ በጥላ በኩል ትሁን፤ የአየሩን ሙቀት ካላወቅሽ የቆዳውን ቁጥር ልታነቢው አትችዪም።

ሽቦው ሲቆረጥ የሚጠግነው ማን እንደሆነም ከአሁኑ አስቢ። ደሴም ሆነ አርባ ምንጭ ያለ ባለሙያ በተራ ብየዳ ሊጠግነው የማይችል ነገር ከሦስት ወር በኋላ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። የሚለካው ቁጥርም የባለቤቱ ነው። ሰውየው የት እንደዋለ፣ ስንት ሰዓት እንደተራመደ ከሙቀቱ ብቻ ሊገመት ይችላል፤ አሠሪውም ሌላም ሰው ያለ ፈቃዱ እንዳያየው አድርጊ።

11. መጀመሪያ ባዶውን አልብሺ።

ሴንሰሩን ከመግዛትሽ በፊት በመጠኑም በጥንካሬውም እሱን የሚመስል፣ ምንም ኤሌክትሮኒክስ የሌለው ቅጂ ሥሪ። ሽቦውም እንዳለ ይሁን። ስሜቱ ያልጠፋና ፈቃደኛ የሆነ ሰው ያንን ባዶ ቅጂ ለአጭር ጊዜ ይልበሰው፤ መጀመሪያ ቀን ግማሽ ሰዓት፣ ቀጥሎ አንድ ሰዓት፣ ከዚያም እየጨመረ። በየጊዜው ሶኬቱ ሲወልቅ የሴንሰሩ ቅርጽ በቆዳው ላይ ታትሞ እንደሆነ ተመልከቺ። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት በዓይን ብቻ ላይለይ ይችላል፤ ሙቀቱንና መጠንከሩን በእጅሽ ዳስሺ። ምልክቱ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ካልጠፋ ቦታው አይሆንም፤ ወደ ጄሶው ቅርጽ ተመለሺና ቦታ እንቀይርላት። ከጠፋ፣ ሰውየው ሌላ ሳምንት ይልበሰው። ስሜት ወደሌለው እግር የምትሄጂው ይህንን ሁሉ ካለፍሽ በኋላ ነው፤ ያኔም ሐኪሙና የኦርቶፔዲክ ባለሙያው አብረውሽ ሆነው፣ የዩኒቨርሲቲሽ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቅዶልሽ፣ ሰውየውም በቋንቋው ተነግሮት እሺ ሲልሽ።

ለባዶው ቅጂ የሚሆን ኢቫ ቁራጭ ወርክሾፑ ውስጥ አይጠፋም። ቅርጽ የሚወሰድበትን ቀን ጠይቀሽ ቀደም ብለሽ ነይ፤ ጉብታው የት እንደሚሆን በእርሳስ አብረን ምልክት እናደርጋለን።